የደብሬ ዕድሜ

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲመጡልኝ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው ሰሌዳው ላይ ቅርንጫፍ ስስል ነው። ትምህርቱ የሥነ ሕይወታዊ አንትሮፖሎጂ መግቢያ ይባላል። ስሙ ረጅም ይሁን እንጂ ነገሩ አጭር ነው፤ የሰውን ልጅ በአካሉ፣ በአጥንቱና በደሙ በኩል ማወቅ። አንደኛው ቅርንጫፍ ድንቅነሽንና መሰሎቿን፣ አጥንታቸው ድንጋይ ሆኖ የቀረውን የጥንት ሰዎች ይመረምራል። ሁለተኛው ዝንጀሮንና ጭላዳን ያያል፤ ዘመዶቻችን ናቸውና። ሦስተኛው ሰው ከሰው ለምን እንደሚለይና ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ይለካል። አራተኛው ደግሞ አጥንትና ጥርስ አይቶ ለፍርድ ቤት ይመሰክራል፤ ይህ ሟች ማን ነበር፣ ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው ይላል።

ተማሪዎቼ ስለ ድንቅነሽ መጠየቅ ይወዳሉ። አራተኛው ላይ ስደርስ እኔ ራሴ እቸኩላለሁ። "መምህርት፣ ይኼን ሥራ እንዴት መረጡት?" ይሉኛል። እንዲያው መንገድ ላይ አገኘሁት ብዬ አልፋቸዋለሁ። ውሸት ነው። በሰባት ዓመቴ ስለ እህቴ ስለ ደብሬ አንዲት ጥርስ ዋሸሁ። በዚያ ውሸት ደብሬ ተዳረች፤ በዓመቷም ሞተች። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ ያን ቀን ምን ማለት እንደነበረብኝ የሚነግረኝ ነው፤ ያውም ሃያ ዓመት ዘግይቶ።

ያደግኩት ከጽጽቃ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አባቴ አሳምነው ማሽላ ያርሳል፤ እናቴ እናትነሽ ከእርሱ እኩል ትኮተኩታለች። ልጆቹ ሁለት ብቻ ነን፤ ደብሬና እኔ፣ ማስተዋል። በመካከላችን ሁለት ሕፃናት ሞተዋል፤ ስለዚህ በዕድሜ እንራራቅ ነበር። ቤት ውስጥ የምናወራው በኽምጣና ነው። አማርኛ የመምህራንና የጤና ጣቢያ ሰዎች ቋንቋ ነበር፤ እኔ የቀሰምኩት ከደብሬ ደብተር ነው።

የእኛ አገር ልጅ የልደት ወረቀት አልነበረውም። ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈተነው በጆሮው ነው። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ይባላል፤ ካልነካ ሄዶ ይደግ። ተማሪዎቼ ይኼን ስነግራቸው ይስቃሉ። እንዲያው ሞኝነት ግን አይደለም፤ የሕፃን ራሱ ትልቅ፣ ክንዱ አጭር ነው፤ ክንዱ ራሱን አልፎ የሚደርሰው እዚያው ዕድሜ ገደማ ነው።

መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ ጣቶቼ ከጆሮዬ ሳይደርሱ ፀጉሬ ላይ ቀሩ። መምህሩ "ለከርሞ" ብለው ወደ ጎን አቆሙኝ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም፤ እኩዮቼ ሁሉ ገብተው እኔ አጥር ላይ ቀረሁ። ያዳነችኝ ደብሬ ናት። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጥር ሥር አቁማ እጄን ትጎትተው ነበር። "ይረዝማል፣ ግድ የለሽም" ትለኛለች። ክርኔን ይዛ ስትስበው ብብቴን ይኮረኩረኛል፤ ሁለታችንም እንስቃለን። በዓመቱ ጆሮዬን ጨምድጄ ያዝኩት።

ክንዴን ያስረዘመችው ደብሬ እንጂ ዕድሜ አልመሰለኝም። ከዚያም አንድ ነገር አወቅኩ ብዬ አመንኩ። ትልቅ ሰው ልጅን የሚለካው ወደ ተሻለ ቦታ ሊያስገባው ነው፤ መለካት ማለት ደግሞ ፈተና ነው፤ የሚወድሽ ሰው እንድታልፊ ይጎትትሻል። ይኼ እምነት ነው እህቴን የገደለብኝ።

ደብሬ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች፤ የደረጃዋን ወረቀት እናቴ በላስቲክ ጠቅልላ ከምሰሶው ጋር አስራዋለች። መምህራኑ "ይቺ ልጅ ወደፊት ሰቆጣ ገብታ ትማራለች" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰቆጣን አይቻት አላውቅም። ሰው ሁሉ ደብተር ይዞ የሚሄድባት አገር አድርጌ ነበር የማስባት።

ኅዳር ላይ አቶ ደግሰው የሚባሉ ሰው ከሰቆጣ መጡ። ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አቧራ አልነካውም፤ በበቅሎ ነው የመጡት። አባቴ ተነሥቶ መቀመጫውን ለቀቀላቸው። እናቴ እኔን ወደ ውጭ አስወጣችኝ። እኔ ግን በጓሮ ዞሬ በግድግዳው ስንጥቅ አዳመጥኩ።

"ቀበሌው ያለ ወረቀት አይሆንም ብሏል" አሉ አቶ ደግሰው። "ባለፈው ሳምንት አንዱን አስቁመውበታል።"

"ወረቀቱን የሚሰጠው ማነው?" አለ አባቴ።

"የጤና ጣቢያው ሐኪም ነው። አይቶ ይጽፋል። ሞልቷታል ካለ አለቀ፣ ጥር ላይ ሰቆጣ ትገባለች።"

"እምቢ ካለስ?"

"እምቢ ካለማ ምን እናደርጋለን። ልጁ እስከ መቼ ይጠብቃል? ሌላ ይፈለጋላ።"

እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። "ልጁ" የሚሉት ማን እንደሆነ አልገባኝም፤ የደብሬን መቀመጫ ሊወስድባት የተሰለፈ ሌላ ተማሪ አድርጌ ያዝኩት። በጣምም ጠላሁት።

ልጁ የአቶ ደግሰው ልጅ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ ሱቅ ነበረው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ወረቀቱንም ያመጣው ሴት ልጅ አሥራ ስምንት ሳይሞላት እንዳትዳር የወጣው ሕግ ነው። እንደ ደብሬ ያሉትን ሊጠብቅ የመጣ ወረቀት ነበር። ይኼን ሁሉ ያወቅኩት ማወቁ ለማንም በማይጠቅምበት ጊዜ ነው።

ወደ ምንጩ ሮጬ ደብሬን አገኘኋትና "ሰቆጣ ልትገቢ ነው! ሐኪሙ ሊፈትንሽ ነው!" አልኳት። ጀሪካኗን አስቀመጠችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማን እንዳለ፣ ምን ምን እንዳሉ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም ጆሮዬን መንካት ያቃተኝ ጊዜ እንዲሁ አልቅሻለሁና ፈተናውን ፈርታ ነው አልኩ። ጀርባዋን እያሻሸሁ "ይረዝማል፣ ግድ የለሽም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በማግስቱ አጥር ሥር ጠራችኝ። "ማስቴ፣ ሐኪሙ ጋ ስሄድ አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

"እኔ ምን ልሠራ?"

"ክረምት ላይ የወለቀችውን ጥርሴን ታስታውሻለሽ?"

እንዴት አላስታውስ። የመጨረሻዋ የወተት ጥርሷ ነበረች፤ ነሐሴ ላይ ወልቃ፣ ጣራው ላይ የወረወርኳት እኔ ነኝ። በቦታዋም አዲሷ እስከ ግማሽ ብቅ ብላ ነበር።

"ስለ ጥርሴ ከጠየቀሽ ያየሽውን ንገሪው። ክረምት ላይ ወለቀች በይው። ሌላ ምንም አትበዪ።"

"አንቺ ለምን አትነግሪውም?"

"አባዬ ቆሞ? እኔማ አፌም አይከፈትልኝ። አንቺን ግን ሕፃን ናት ብለው ይተዉሻል።" ትከሻዬን ይዛ ዝቅ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ለእናታችንም እንዳትነግሪ። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁ። ከዚያ ግን ነገሩን ስመላልሰው ዋልኩ። የወተት ጥርስ የሕፃን ነው። ገና ክረምት ላይ ወለቀች ካልኩ ሐኪሙ "ለከርሞ" ብሎ ይመልሳታል፤ መቀመጫዋንም ያ ልጅ ይወስድባታል። ደብሬ ስለፈራች ተሳስታለች አልኩ በሆዴ። አንደኛ የምትወጣዋ እህቴ አንድ ጊዜ ስትሳሳት እኔ ላርማት በመሆኑ ኩራት ተሰማኝ፤ ይኼንንም አልደብቅም።

ጤና ጣቢያው የሄድነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሐኪሙ ተስፋው የሚባል ከጎጃም የተመደበ ወጣት ነበር፤ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው። ሐኪም እንለዋለን እንጂ ነርስ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የእጅ ባትሪና በስንት እጅ የተሻሸ አንድ ወረቀት ነበር፤ የትኛው ጥርስ በስንት ዓመት እንደሚበቅል የሚናገር ሠንጠረዥ። ዛሬ የእርሱን ዓይነት ሠንጠረዥ ሳስተምር የማን አገር ልጆች ታይተው እንደተሠራ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። እርሱን የሚጠይቀው አልነበረም።

"ስንት ዓመትሽ ነው?" አላት።

"አባዬ ያውቃል" አለች ደብሬ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

"አሥራ ስምንት ሞልቷታል" አለ አባቴ። ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ዱላውን ሁለት እጁ ላይ ጭኗል። "ከብቱ ያለቀ ዓመት ነው የተወለደችው።"

"ከብት በየጊዜው ያልቃል፣ አባት።" ተስፋው ባትሪውን አበራ። "እስቲ አፍሽን ክፈቺ።"

ረጅም ጊዜ አየ። በጣቱ እየነካ ቆጠረ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየ፣ እንደገና ቆጠረ።

"የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች የሏትም" አለ።

"ለእኔስ መች በቀሉልኝ?" አባቴ አፉን ከፍቶ አሳየው። እውነቱን ነው፤ እስኪሞት ድረስ አልበቀሉለትም። ተስፋው ትንሽ ሳቅ አለ።

"ይቺስ? ይቺ ገና እየወጣች ነው።"

"ተሰብራ ነው።"

"የተሰበረች አትመስልም፣ አባት። እንደሚመስለኝ ልጅቷ አሥራ ሦስትም..."

"ወድቃ ድንጋይ ሰብሯት ነው ስልዎት" አለ አባቴ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "ወላጅ ነኝ። እኔ የማላውቀውን እርስዎ ያውቁታል?"

ተስፋው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አባቴን አየ፣ ደብሬን አየ፣ ከዚያ እኔ ላይ ደረሰ። ፊቱ ላይ እፎይታ የመሰለ ነገር አየሁ።

"አንቺ ትንሿ፣ እህትሽ ናት?"

"አዎ።"

"በይ እውነቱን ንገሪኝ። ይቺ ጥርሷ ምን ሆና ነው?"

ደብሬ እጄን ይዛኝ ነበር። ጭብጥ አደረገችኝ። አይዞሽ ማለቷ ነው አልኩ፤ በርግጥም አይዞሽ ማለቷ ነበር።

"ተሰብራ ነው" አልኩ። "ውኃ ቀድተን ስንመጣ አዳለጣትና ድንጋዩ ሰበረባት። ብዙ ደም ፈሰሳት። እኔ አይቻለሁ።" ዓይኔን በጨው አጥቤ ያልተጠየቅኩትንም ጨመርኩ። "ድሮ ነው። እኔ በጣም ትንሽ ሆኜ።"

እጄ ተለቀቀ። ተስፋው ባትሪውን አንሥቶ የደብሬን አፍ አንድ ጊዜ ደግሞ አየ። ደብሬ አፏን እንደከፈተች እኔን እያየችኝ ነበር። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ቤት የጠፋበት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚያየው ነው ያየችኝ። ተስፋው ወረቀቱን ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ፣ ለአባቴ ሰጠው።

የተሰበረ ጥርስ ጠርዙ ሻካራ ነው። አዲስ የሚወጣ ጥርስ ግን ጫፎቹ ሙሉ ናቸው፤ ምንም ስላላኘኩ ስለታቸው እንዳለ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ ይኼን በአንድ ጠዋት ይለምዱታል። የደብሬ ዓይነቷ፣ ከመንጋጋዎቹ ፊት ያለችው ጥርስ፣ የምትወጣው አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት ላይ ነው፤ ቢዘገይ አሥራ ሦስት። ተስፋው ልዩነቱን አይቶታል ብዬ አምናለሁ። የቸገረው ማወቅ አልነበረም፤ አንድን አባት ፊት ለፊት ዋሸህ ማለት ነው። እኔ እውነቱን ብናገር በእኔ ላይ ሊያመካኝ ይችል ነበር። አንዲት ቃል ነበር የሚፈልገው፤ ክረምት ላይ የምትል።

ወደ ቤት ስንመለስ ደብሬ ከፊታችን ሄደች። ደርሼባት "አለፍሽ" አልኳት። እርምጃዋን አፈጠነች። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ወትሮዋ ፀጉሬን ትሠራልኝ ነበር፤ ደብተርም ታነብልኝ ነበር። ስለዚያ ቀን ግን እስከ መጨረሻው አንድም ነገር አላነሣችብኝም።

ጥር ላይ ሰርግ ሆነ። ሰርግ ለምን እንዳስፈለገ ግራ ገባኝ፤ ከተማ የሚገባ ተማሪ እንዲህ ነው የሚሸኘው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ደብሬን በቅሎ ላይ አስቀምጠው ሲወስዷት ከኋላ እየሮጥኩ "ደብተር ላኪልኝ" እያልኩ ጮህኩ። ሴቶቹ ሳቁ። አንዲቷ ግን አልሳቀችም፤ ትከሻዬን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። ደብሬ ትምህርት ቤት እንዳልገባች የገባኝ ፋሲካ ላይ ነው፤ አባቴ ሰቆጣ ደርሶ ሲመለስ "ስንተኛ ክፍል ሆነች?" አልኩት፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ማሳው ሄደ።

በቀጣዩ ጥር ምጥ ያዛት። አማቷ ቤት ሦስት ቀን አማጠች። የመጀመሪያ ልጅ ይቆያል ተባለ፣ ገና ነው ተባለ፣ ትንሽ ትታገሥ ተባለ። ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ሕፃኑም ሞቷል፣ ለእርሷም ጊዜው አልፏል። እናቴ ሁለተኛው ቀን ላይ ተጠርታ ነበርና አብራት ነበረች። እኔ ለቅሶውን የሰማሁት ጎረቤት ቤት ተቀምጬ ነው።

አሁን ለትምህርት የማሳየው በጀሶ የተሠራ ሦስት ዳሌ አለኝ፤ የቺምፓንዚ፣ የድንቅነሽና የዛሬ ሴት። ቆመን መሄድ ስንጀምር የዳሌያችን ቅርጽ ተለወጠ፤ ኋላ ደግሞ የልጆቻችን ራስ ተለቀ፤ ስለዚህ የሰው ምጥ ከዘመዶቻችን ሁሉ ይከብዳል እላቸዋለሁ። ሴት ልጅ ቁመቷ ቢያቆምም መውለጃዋ ለዓመታት መስፋቱን ይቀጥላል፤ አሥራ ሦስት ላይ ገና ነው እላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፣ ፈተና ላይም ይመጣል። እኔ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ዞሬ አየኋቸው፤ በአጥንትም በኩል፣ በዕድገትም በኩል፣ በጥንቱም በኩል ብመጣ ሁሉም የሚያደርሱኝ እዚያችው የአማቷ ቤት ነው። አንዱም የሚያሳልፍ መንገድ የለውም።

ባለፈው ዓመት ፍርድ ቤት የአንዲት ልጅ የእጅ አንጓ ራጅ ላከልኝ፤ ዕድሜዋን እንድገምት። አሥራ አራት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ብዬ ጻፍኩ። መልሱን ስወስድ ጸሐፊዋ ልጅቷ ከተዳረች ሁለት ዓመት እንዳለፋት ነገረችኝ። ወረቀቴም ዕድሜዋን ለክሱ ከመለየት በቀር ምንም እንደማይለውጥ ጨመረችልኝ። በዚያው ሳምንት ሰቆጣ ወዳለችው እናቴ ሄድኩ። አባቴ ከሞተና ጦርነቱ ከቀዬዋ ካፈናቀላት ወዲህ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ምስር እየለቀመች ነበር። ከጎኗ ተቀምጬ ሃያ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። ያን ቀን ስለ ጥርሷ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳት።

እናቴ እጇን አላቆመችም። "አውቃለሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"እርሷ። በምጥ ላይ ሆና።" ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አውጥታ ጣለች። "እኔም ዕድሜዋን አውቅ ነበር፣ ማስተዋል። የወለድኳት እኔ ነኝ። ዝም አልኩ። እኔን በአሥራ አንድ ዓመቴ ድረውኝ አልሞትኩም ብዬ ዝም አልኩ።"

ልታጽናናኝ ፈለገች፤ ሰፌዱን አስቀምጣ ጉልበቴን ያዘችኝ።

"አደራ ብላኛለች። ‘ማስቴን እንዳትቆጧት፤ ፈርታ ነው’ አለችኝ። ‘አባዬ ዱላ ይዞ ቆሞ ምን ትበል? እኔ እንኳ አልቻልኩም። ባትፈራ ኖሮ አትዋሽብኝም ነበር’ አለች። ይኸው ነው። በአንቺ ቂም አልያዘችም፤ ይውጣልሽ ልጄ።"

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት፤ ሰፌዱን ወስጄም ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። ያን ቀን አልፈራሁም ነበር። አባቴን ዞሬም አላየሁት። ደስ እያለኝ ነው የዋሸሁባት።